ዳሪን፤ የምስክና የሉል ወደብ

በንግድ የቆመች ከተማ ክብሯ የሚወጣውና የሚወርደው ከሸቀጧ ዋጋ ጋራ ነው። ሸቀጧ ሲወደድ መርከብ ይበዛላታል፣ ባዕድ ሁሉ ስሟን ያውቃል፤ ሲረክስ ግን የገዛ ጎረቤቷ እንኳ ይረሳታል። ከእንዲህ ያሉት ከተሞች አንዲቱ በዐረቢያ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ ዛሬ ደማምና ኮበር በሚባሉት ታላላቅ ከተሞች አቅራቢያ የምትገኘው ዳሪን ናት። የዳሪንን ታሪክ ማወቅ ለኢትዮጵያዊ ምእመን ሁለት ጥቅም ይሰጠዋል። አንደኛው፣ ብዙ ወንድሞችና እኅቶች እንጀራ ፍለጋ የሚሄዱበት ያ አገር ከነዳጅ ዘይት በፊት ምን እንደ ነበረ ይረዳል። ሁለተኛው፣ በገዳማችን ዘወትር ከሚነበቡት መጻሕፍት ውስጥ ምን ያህሉ ከዚያ ዳርቻ ልጆች እጅ እንደ ወጣ ያስተውላል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከደማም በስተ ሰሜን ቀጢፍ የሚባል የቴምር አገር አለ። በቀጢፍ ፊት ለፊት፣ በባሕሩ ውስጥ፣ ታሩት የምትባል ትንሽ ደሴት ትገኛለች። ዳሪን የዚህች ደሴት የደቡብ ጫፍ ናት። ዛሬ ደሴቲቱ በድልድይ መንገድ ከየብስ ጋራ ተያይዛለች፤ ቀድሞ ግን ባሕሩ ሲጎድል በእግርና በአህያ፣ ሲሞላ በጀልባ ይሻገሩባት ነበር። የጠለቀ ባሕር ስላልከበባት የምታውቀው ሰው በቀላሉ ይደርስባታል፤ የማያውቃት መርከበኛ ግን በጥልቁና በጥልቁ ባልሆነው መካከል ይሳሳታል። በደሴቲቱ መካከል ምንጭ አለ፤ በምንጩ አጠገብም በጥንታዊ ፍርስራሽ ጉብታ ላይ የተሠራ ምሽግ ቆሟል። በጨው ውኃ መካከል ጣፋጭ ውኃ የሚገኝበት ስፍራ መሆኑ ሰውን ከጥንት ጀምሮ ወደ ታሩት ስቧል።

የሥነ ቁፋሮ ሊቃውንት በታሩት ምድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ሺህ ዘመን የተሠሩ ብዙ የድንጋይ ዕቃዎች አግኝተዋል። ከለስላሳ ድንጋይ ተፈልፍለው በእባብ፣ በዘንባባና በሌላም ሥዕል የተጌጡት ዕቃዎችና ስብርባሪዎቻቸው በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው። በዚያ ዘመን ይህ ጠረፍ፣ ከባሕሬን ደሴት ጋራ፣ ዲልሙን ይባል ነበር። የሜሶጶጣምያ ሰዎች በሸክላ ጽላት ላይ በጻፉት መዝገብ ዲልሙን ደጋግሞ ይነሣል። የአካድ ንጉሥ ሳርጎን የዲልሙን፣ የማጋንና የመሉኃ መርከቦች በከተማው ወደብ መታሰራቸውን እንደ ታላቅ ክብር አድርጎ አስጽፏል። ሊቃውንት እንደሚሉት ማጋን የዛሬው ዑማን፣ መሉኃ ደግሞ በኢንዱስ ወንዝ ዙሪያ የነበረው የሕንድ ምድር ነው። ከሕንድ ጋራ የነበረው ዝምድና ምን ያህል የጠበቀ እንደ ነበረ አንድ ነገር ይመሰክራል፤ የዲልሙን ነጋዴዎች ሸቀጣቸውን የሚመዝኑት በኢንዱስ ሰዎች የሚዛን ድንጋይ ልክ ነበር። የአንድ አገር ሰው የሌላውን አገር ሚዛን የሚቀበለው እምነት ከጸና በኋላ ነውና።

ከብዙ ዘመን በኋላ በዚሁ ጠረፍ ጌራ የምትባል ባለጸጋ ከተማ ተነሣች። የግሪኩ ጸሐፊ ስትራቦን ስለ እርሷ ሲጽፍ፣ ነዋሪዎቿ ከባቢሎን የተሰደዱ ከለዳውያን እንደ ነበሩና ቤታቸውን በጨው እንደሚሠሩ ይናገራል። ጨው በሀገራችን አሞሌ ተብሎ ገንዘብ ሆኖ ሲያገለግል፣ በዚያ ግን ግድግዳ ሆነ። ፀሐይ ሲበረታ ጨዉ እየተላጠ ስለሚወድቅ ግድግዳውን ውኃ እየረጩ ያጠብቁት ነበር። የጌራ ሰዎች የዐረቢያን ዕጣንና ቅመም በግመልና በታንኳ እያጓጓዙ ከበሩ። በ205 ከክርስቶስ ልደት በፊት የሶርያ ንጉሥ ታላቁ አንጥያኮስ በጦር ወደ እነርሱ መጣ። እነርሱም ነጻነታቸው እንዲጠበቅላቸው ለመኑት፤ ጸሐፊው ፖሊቢዮስ እንደ መዘገበው 500 መክሊት ብር፣ 1000 መክሊት ዕጣንና 200 መክሊት የከርቤ ዘይት ሰጡት። ንጉሡም ተቀብሎ ተመለሰ። እንግዲህ በጦር የማይቻለውን በዕጣን ገዙት ማለት ነው። ከጁበይል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በሚገኘው ታጅ በሚባለው በቅጥር የተከበበ የጥንት ከተማ፣ በ1998 የአንዲት ልጅ መቃብር ተገኝቶ ፊቷ በወርቅ ጭምብል ተሸፍኖ ታየ። የዚያ ጠረፍ ሀብት ከሕያዋን አልፎ ለሙታን እንኳ እንደሚበቃ ይህ ያስረዳል።

በ1ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በኋላ አንድ የግብፅ ነጋዴ የኤርትራን ባሕርና የሕንድን ውቅያኖስ ወደቦች የሚዘረዝር መጽሐፍ በግሪክ ቋንቋ ጽፎ ነበር። በዚህ መጽሐፍ መሠረት፣ በምዕራብ ሕንድ ከምትገኘው ከባሪጋዛ ትልልቅ መርከቦች ናስ፣ ሰንደል እንጨት፣ የመርከብ መሥሪያ ጣውላና ዞጲ ጭነው ወደ ፋርስ ባሕረ ሰላጤ ወደቦች ይሄዱ ነበር። በምላሹ ሉል፣ ሐምራዊ ልብስ፣ ወይን ጠጅ፣ ቴምር፣ ወርቅና ባሮች ይወስዱ ነበር። ሰው ከቴምርና ከወይን ጋራ በአንድ መዝገብ መጻፉን አንባቢ ልብ ይሏል። ያው መጽሐፍ የእኛን ወደብ አዱሊስንም ሲያነሣ፣ ከሕንድ ብረትና የጥጥ ጨርቅ ይመጣላት እንደ ነበረና የዝሆን ጥርስ ወደ ውጭ ትልክ እንደ ነበረ ይገልጣል። ስለዚህ ዳሪን፣ ባሪጋዛና አዱሊስ በሦስት ዳርቻ ቆመው በአንድ ነፋስ የሚኖሩ ነበሩ። ነፋሱ በበጋ ወደ አንዱ፣ በክረምት ወደ ሌላው ይነፍሳል፤ መርከበኞችም ዘመኑን እየጠበቁ ይመላለሱበታል። የዚህም ንግድ ምልክት በደብረ ዳሞ ገዳም ተገኝቷል፤ በ1940 ከመቶ የሚበልጡ የሕንድ ኩሻን ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች በዚያ ተገኝተዋልና።

ዳሪን ስሟ በዐረቦች ዘንድ የገነነው በምስክ ነው። ምስክ ከሕንድ በኩል በመርከብ የሚመጣ፣ እንደ ሀገራችን ዝባድ ከእንስሳ የሚገኝ ውድ ሽቱ ነው። መርከቦቹ ዳሪን ላይ ስለሚያራግፉት የጥንት የዐረብ ባለቅኔዎች «የዳሪን ምስክ» እያሉ ያነሡታል። ከዚህም የተነሣ በዐረብኛ ሽቱ ሻጭ «ዳሪ» ተባለ። የአንዲት መንደር ስም የአንድ ሙያ ስም እስኪሆን ድረስ መድረሱ የንግዷን ስፋት ያሳያል።

ነገር ግን በዳሪን የተራገፈው ሽቱ ብቻ አልነበረም። በመርከቦቹ ላይ ከነጋዴዎች ጋራ ካህናትም ይመጡ ነበር። ሶርያውያን ይህን ጠረፍ ከነደሴቶቹ «ቤተ ቀጥራዬ» ይሉት ነበር፤ የዛሬዋ ቀጠር ስም በዚህ ውስጥ ይሰማል፤ አገሩ ግን ባሕሬንን፣ ታሩትንና የሐሳን ምድር ጭምር ያጠቃልል ነበር። በዳሪን፣ በሐጋርና ማሽማሒግ በተባለችው በባሕሬን ስፍራ ኤጲስ ቆጶሳት ነበሩ። ይህም ክርስትና በፋርስ መንግሥት ሥር ከነበረችው ከምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን የወጣ ነው። ከኤፌሶን ጉባኤ በኋላ ይህች ቤተ ክርስቲያን ከእኛ አባቶች በሃይማኖት ተለይታ መኖሯ የታወቀ ነው። በጁበይል አጠገብ በ1980ዎቹ ዓመታት መስቀል የተቀረጸበት የቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ከአሸዋ ውስጥ ወጥቷል። በባሕሬንም በሰማሂጅ መንደር ከ4ኛው እስከ 8ኛው መቶ ዓመት ያገለገለ የክርስቲያን ሕንፃ መገኘቱ በ2024 ተገልጧል። በ6ኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በአዱሊስ ቆይቶ፣ ለንጉሥ ካሌብ የድንጋይ ጽሑፍ ከገለበጠ በኋላ፣ በሕንድና በሴሎን ክርስቲያኖች እንዳሉና ካህናታቸው ከፋርስ እንደሚሾሙላቸው ጽፏል። የሕንድ ክርስቲያኖችና የቤተ ቀጥራዬ ክርስቲያኖች በፋርስ ጠረፍ ካለው ከአንድ ሜትሮፖሊስ ሥር ነበሩ። የንግዱ መንገድ የሹመቱም መንገድ ሆነ።

ንግድ ባለበት ክርክር አይጠፋም፤ ሹመት ባለበትም እንዲሁ። በ7ኛው መቶ ዓመት መካከል እስልምና ጠረፉን ከያዘ በኋላ፣ የፋርሱ ሜትሮፖሊስና የቤተ ቀጥራዬ ኤጲስ ቆጶሳት ከካቶሊኮሱ ለመለየት ተነሡ። ካቶሊኮሱ ሣልሳዊ ኢሾዕያህብ (649–659) ለኤጲስ ቆጶሳቱ፣ ለሕዝቡና ለመነኮሳቱ ለየብቻ ደብዳቤ ጻፈ። በተለይ ለመነኮሳቱ መጻፉ ያስተውሉታል፤ በዚያ ዳርቻ የመነኮሳት ቃል ሕዝብን የሚመልስ ኀይል ነበረውና። መለያየቱ ግን በእርሱ ዘመን አልበረደም። ተተኪው ካቶሊኮስ ጊዮርጊስ ራሱ በመርከብ ተሳፍሮ ወደ ዳሪን መጣ፤ በ676ም በዚያች ትንሽ ደሴት ጉባኤ አደረገ። ጉባኤው 19 ቀኖናዎች አወጣ። ጠበኛ ክርስቲያኖች በቤተ ክርስቲያን ፊት እንዲፋረዱ፣ ጋብቻ በወላጅ ፈቃድና በካህን ቡራኬ እንዲፈጸም፣ ሙታንም ውድ ልብስ በመጠቅለልና በአሕዛብ ዓይነት ሙሾ ሳይሆን በክርስቲያን ሥርዓት እንዲቀበሩ አዘዘ። ይህ የመጨረሻው ትእዛዝ ከተማይቱን ያሳያል፤ ባይኖር አይከለከልምና። ጨርቅ በመርከብ በሚራገፍበት ወደብ የሚሞት ሰው ሁሉ የሚፎካከረው በመግነዙ ነበር።

ካቶሊኮሱ ከቤተ ቀጥራዬ ሲመለስ አንድ መነኩሴ ይዞ ሄደ። ያም መነኩሴ ይስሐቅ ነው። በነነዌ ላይ ኤጲስ ቆጶስነት ሾመው። ይስሐቅ ግን በመንበሩ ላይ የቆየው አምስት ወር ብቻ ነው። ለምን እንደ ተወው ትውፊት እንዲህ ይናገራል፤ አበዳሪና ተበዳሪ ሊፋረዱ ወደ እርሱ መጡ፤ አበዳሪው ገንዘቡን ዛሬውኑ ካልተከፈለኝ ወደ ዳኛ እወስደዋለሁ አለ። ይስሐቅ ወንጌልን ጠቅሶ ቢመክረው አበዳሪው ወንጌሉን ለጊዜው ተወው አለው። ይስሐቅም፣ ወንጌል የሚተው ከሆነ እርሱ በዚያ የሚሠራው ሥራ እንደሌለ አስቦ ሹመቱን ጥሎ ወደ ገዳም ሄደ። በማቱት ተራራ ከባሕታውያን ጋራ ኖረ፤ ከዚያም ወደ ራባን ሻቡር ገዳም ገባ። በሳምንት ሦስት እንጀራና ጥቂት አትክልት ብቻ ይመገብ ነበር ይባላል። ከንባብ ብዛትና ከተጋድሎ የተነሣ ዓይኑ ጠፋ፤ ትምህርቱን ደቀ መዛሙርቱ እየሰሙ ጻፉለት። በዚያም ዐርፎ ተቀበረ።

ይህ ይስሐቅ በሀገራችን «ማር ይስሐቅ» ተብሎ የሚታወቀው ነው። መጽሐፉ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተመልሶ ከመጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ ሆነ፤ መምህራንም ከነአንድምታው ያስተምሩታል። ከመጻሕፍተ መነኮሳት ሁለተኛው «ፊልክስዩስ» ይባላል። በመንቡጉ ኤጲስ ቆጶስ በፊልክስዩስ ስም ቢጠራም፣ የዘመኑ ሊቃውንት ከሶርያው ጽሑፍ ጋራ አስተያይተው እንደ ደረሱበት፣ መጽሐፉ ዳዲሾዕ የተባለው መነኩሴ በገነተ አበው ላይ የጻፈው ትርጓሜ ነው። የዳዲሾዕም ቅጽል ስም «ቀጥራዊ» ነው፤ ያው የዚያው የባሕር ዳርቻ ሰው ማለት ነው። እንግዲህ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ በበአቱ ተቀምጦ ከሚያነባቸው ሦስት መጻሕፍት ሁለቱ የዳሪን ጎረቤቶች ልጆች ሥራ ናቸው። አባቶቻችን ከእነዚያ ሰዎች በሃይማኖት የተለዩ መሆናቸው መጽሐፉን እንዳይቀበሉ አላደረጋቸውም፤ ስለ ጾም፣ ስለ ጸሎትና ስለ ትሕትና የተጻፈውን ማር ከሰፈፉ ለይተው ወሰዱት።

ማር ይስሐቅ ትምህርቱን ሲመስል ከገዛ አገሩ ሥራ ይወስዳል። ሉል አውጪ ራቁቱን ሆኖ ወደ ባሕር እንደሚጠልቅ፣ መነኩሴም ከዓለም ራቁቱን ሆኖ በውስጡ ያለውን ዕንቈ ባሕርይ ክርስቶስን መፈለግ እንዳለበት ያስተምራል። ይህን ምሳሌ በደጋ ያደገ ሰው በሐሳቡ ብቻ ይረዳው ይሆናል፤ በዚያ ጠረፍ ያደገ ግን የሚያየው ነገር ነው። ሉል የማውጣቱ ሥራ እንዲህ ነበር። ጠላቂው አፍንጫውን በቀንድ ቆንጣጭ ይዘጋል፤ በእግሩ ድንጋይ ታስሮለት በገመድ ይወርዳል፤ በትንፋሹ ልክ ዛጎሉን እየለቀመ በአንገቱ ባንጠለጠለው ቅርጫት ይጨምራል፤ ገመዱን ሲነቀንቅ በጀልባ ላይ ያለው ጓደኛው ይስበዋል። በሙቀቱ ወራት አራት ወር ያህል እንዲህ ይሠራል። ለቤተሰቡ ስንቅ የሚሆነውን ገንዘብ ግን ገና ሳይሄድ ከመርከቡ አዛዥ ይበደራል። የሉሉ ዋጋ ዕዳውን ካልሸፈነ ዕዳው ለከርሞ ያድራል፤ ጠላቂው ከሞተም ለልጁ ይተላለፋል። ከምሥራቅ አፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎችም በዚሁ ባሕር ለጌቶቻቸው ይጠልቁ ነበር። በሳዑዲ ዐረቢያ ባርነት በሕግ የተከለከለው በ1962 ነው።

ከጉባኤው በኋላ በነበሩት መቶ ዓመታት የዳሪን ክርስትና ቀስ እያለ ጠፋ፤ የሉሉ ንግድ ግን ቀጠለ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሙሐመድ ዐብዱል ወሃብ አል ፈይሓኒ የተባለ የሉል ነጋዴ በዳሪን ባሕር ዳር ትልቅ ቤት አሠራ። በታኅሣሥ 1915ም ዐብዱል ዐዚዝ ኢብን ሳዑድና የእንግሊዙ መልእክተኛ ፐርሲ ኮክስ የተዋዋሉበት ስምምነት በዚያው ስለ ተፈረመ የዳሪን ውል ተባለ። ይህ የወደቢቱ የመጨረሻ ክብር ነበር ማለት ይቻላል። ጃፓናውያን ሉልን በሰው ብልሐት ማፍራት ጀመሩ፤ ከ1929 በኋላም በዓለም ሁሉ የንግድ ድቀት ሆነ። አምስት ሺህ ዘመን የተፈለገው ሉል በጥቂት ዓመታት ውስጥ ረከሰ። ጀልባዎቹ በአሸዋ ላይ ቀሩ።

ያን ጊዜ ደማምና ኮበር ትንንሽ የዓሣ አጥማጆች መንደሮች ነበሩ፤ በ1923 ከባሕሬን የፈለሱ የደዋሲር ነገድ ሰዎች ነበሩ የሰፈሩባቸው። ወዲያው በ1938 በዘህራን ተራራ የደማም 7ኛ ጕድጓድ ከ1400 ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት ብዙ ዘይት አመነጨ። በ1939 የመጀመሪያው የዘይት መርከብ ከራስ ተኑራ ወደብ ተነሣ። በ1951 የባቡር ሐዲድ ደማምን ከሪያድ አገናኘ፤ በ1986 ኮበርን ከባሕሬን ጋራ የሚያገናኘው 25 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የባሕር ድልድይ ተከፈተ። ጠላቂዎቹ ከባሕር ሥር ሲፈልጉት የኖሩት ሀብት ከምድር ሥር ወጣ። የዕዳው ሥርዓት ግን መልኩን ለውጦ ቀረ።

ዛሬ በዚያ ጠረፍ ከሚኖሩት ባዕዳን መካከል ኢትዮጵያውያን ይገኛሉ። ብዙዎቹ በሰው ቤት የሚያገለግሉ እኅቶች ናቸው። አንዳንዶቹ ለደላላ የሚከፈለውን ብር ወላጆቻቸው በሬ ሸጠው ወይም ተበድረው ነው የሚከፍሉላቸው፤ ስለዚህ እንደ ዱሮው ጠላቂ ሥራው ሳይጀመር ዕዳው ይጀመራል። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ብቻ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ወደ ሀገራቸው ተመልሰዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ነበሩ። በዚያ አገር ቤተ ክርስቲያን ስለማይሠራ የክርስቲያኑ ጸሎት በጓዳ ነው። ከጓዳዋ ሆና «አቡነ ዘበሰማያት» የምትደግም አንዲት ሠራተኛ፣ ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ ዓመት በፊት ደወል የተሰማበትን ምድር እየረገጠች መሆኗን የሚነግራት አይኖርም።

የዳሪን ታሪክ የሚያስተምረው ነገር እንግዲህ ግልጥ ነው። ምስኩ ሽታው ጠፍቷል፤ የጌራ የጨው ቤቶች ሟሙተዋል፤ ሉሉም ዋጋው ወርዷል። ከዚያ ወደብ ወጥቶ እስካሁን ዋጋው ያልረከሰው፣ ሹመቱን ስለ ወንጌል ብሎ የጣለው የአንድ ዕውር መነኩሴ ቃል ነው። እርሱንም ማንም ነጋዴ አልጫነውም፤ ከሶርያ ወደ ዐረብኛ፣ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ በጸሓፍት ትከሻ ተጉዞ ደረሰ። ለተበዳሪው ያዘነ ያ አባት ዛሬ ስለ ዕዳቸው በባሕር ማዶ ለሚደክሙት ሁሉ እንዲታሰብ ተገቢ ነው። ከዚያ አገር የሚመለስ ወገን ወደዚህ እንግዳ ማረፊያ ሲገባ፣ የያዘው ሻንጣ ትልቅ ቢሆን ወይም ትንሽ፣ ምን ይዘህ መጣህ ተብሎ ሳይጠየቅ፣ እንኳን በደኅና መጣህ ተብሎ ውኃ ይቀርብለት፤ እግሩም ይታጠብለት።